የሎግኢን ሼል ቅንብር፦ ፓዝ፣ የአማርኛ ሎካልና የአዲስ አበባ ሰዓት

ፓዝ ላይ፣ ማለትም ትዕዛዞች በሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ላይ፣ አዲስ ፎልደር ጨምረዋል፤ ተርሚናሉን ዘግተው ከፍተዋል፤ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» (ትዕዛዙ አልተገኘም) የሚለው መልስ ግን አልጠፋም። እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የጻፉት መስመር ትክክል ነው፤ መስመሩን የያዘው ፋይል ግን አልተነበበም። ሼል፣ ማለትም ተርሚናል ላይ የምንተይበውን ትዕዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ የትኛውን ፋይል መቼ እንደሚያነብ ከታወቀ የቀረው ሥራ ጥቂት መስመር መጻፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ከንባቡ ቅደም ተከተል እንነሳና ፓዝን፣ የአማርኛ ሎካልንና የሰዓት ክልልን ወደ ማስተካከሉ እንሄዳለን።

በመጀመሪያ ስለ አጻጻፋችን። ትዕዛዞችን፣ የፋይል ስሞችንና ተለዋዋጮችን (ዋጋ የሚይዙ ስሞችን) እዚህ በአነባበባቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል። ተርሚናል ላይ ሲተይቡ ግን በላቲን ፊደል ነው። ትዕዛዞችና የፋይል ስሞች በትንንሹ፣ እንደ «ፓዝ»፣ «ሆም»፣ «ላንግ» ያሉ የሥርዓቱ ተለዋዋጮች ሁሉ በትልልቁ ይጻፋሉ። ነጥብ፣ ጭረት፣ የዶላር ምልክትና ጥቅስ እንዳሉ ይቀመጣሉ።

ሎግኢን የሆነና ያልሆነ ሼል

ሎግኢን ሼል የሚባለው ተጠቃሚው እንደገባ የሚነሳው ሼል ነው። በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ በሆነው) ሰርቨር ውስጥ ሲገቡ፣ በጥቁሩ ኮንሶል ላይ ስምና የይለፍ ቃል ሲሰጡ፣ ወደ ሌላ ተጠቃሚ ወይም ወደ አስተዳዳሪ ለመቀየር «ኤስዩ -» ወይም «ሱዶ -አይ» ሲሉ የሚያገኙት እሱን ነው። ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ስርጭት) ላይ የተርሚናል መስኮት ሲከፍቱ የሚነሳው ግን ሎግኢን ያልሆነ ሼል ነው፤ መግባቱ ቀደም ብሎ በግራፊክ ስክሪኑ ላይ ተጠናቋል። ማክ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ የተርሚናል ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ መስኮት ሎግኢን ሼል ያስነሳል። ማክ ላይ የሠራ መመሪያ ኡቡንቱ ላይ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማየት ባሽ (ሊኑክስ ላይ የተለመደው ሼል) ላይ ይህን ይተይቡ፦

ሾፕት ሎግኢን_ሼል

መልሱ «ኦን» ከሆነ ሎግኢን ሼል ነው። «ኤኮ $0» ብለው «-ባሽ» ከመጣም ፊት ያለችው ጭረት ያንኑ ትናገራለች፤ ነገር ግን «ባሽ -ኤል» ብለው በእጅ ያስነሱት ሎግኢን ሼል ጭረቷን ስለማያሳይ የመጀመሪያው መንገድ ይበልጥ ይታመናል።

ባሽ ሎግኢን ሼል ሆኖ ሲነሳ መጀመሪያ «/ኢቲሲ/ፕሮፋይል»ን ያነባል። ከዚያ በቤት ፎልደርዎ ውስጥ ሦስት ፋይሎችን በተራ ይፈልጋል፦ «.ባሽ_ፕሮፋይል»፣ «.ባሽ_ሎግኢን»፣ «.ፕሮፋይል»። የመጀመሪያውን ያገኘውን ብቻ አንብቦ ያቆማል፤ የቀሩትን ዘወር ብሎም አያያቸው። ሎግኢን ያልሆነ ነገር ግን ከሰው ጋር የሚነጋገር ሼል ሲሆን ደግሞ «.ባሽአርሲ»ን ያነባል፤ ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ ከእሱ በፊት «/ኢቲሲ/ባሽ.ባሽአርሲ» ይነበባል።

«ያገኘውን ብቻ አንብቦ ያቆማል» የሚለው ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ነው። ኡቡንቱና ደቢያን ለአዲስ ተጠቃሚ የሚሰጡት «.ፕሮፋይል»ን ነው፤ ውስጡም «.ባሽአርሲ»ን የሚጠራ መስመር አለ። ሌላው የሊኑክስ ስርጭት ፌዶራ የሚሰጠው «.ባሽ_ፕሮፋይል»ን ነው። አሁን ኡቡንቱ ላይ ለፌዶራ የተጻፈ መመሪያ ተከትለው «.ባሽ_ፕሮፋይል» ቢፈጥሩ፣ ወይም አንድ የፕሮግራም መጫኛ ሳይጠይቅዎት ቢፈጥረው፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ «.ፕሮፋይል» አይነበብም፤ በእሱ በኩል ይጠራ የነበረው «.ባሽአርሲ»ም በኤስኤስኤች ሲገቡ አይነበብም። ቀለማቱ ይጠፋሉ፣ አሊያሶቹ (ለትዕዛዞች የተሰጡ አጫጭር ስሞች) ይጠፋሉ፣ ፓዝ ያጥራል። መፍትሔው ትርፉን ፋይል ማጥፋት ነው፤ ማጥፋት ካልፈለጉ ይህን መስመር ውስጡ ያስገቡ፦

. "$ሆም/.ፕሮፋይል"

መጀመሪያ ላይ ያለችው ነጥብ ትዕዛዝ ናት፤ «ይህን ፋይል እዚሁ፣ በዚሁ ሼል ውስጥ አንብብ» ማለት ነው። ከነጥቧ ቀጥሎ ባዶ ቦታ አለ።

የትኛው መስመር የት ይግባ

በ«ኤክስፖርት» የወጣ ተለዋዋጭ ከሼሉ ለሚነሱት ፕሮግራሞች ሁሉ ይወረሳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ፣ በመግቢያው ላይ፣ «.ፕሮፋይል» ውስጥ ቢቀመጥ ይበቃል። አሊያስ፣ የፕሮምፕቱ (ከምንተይበው ትዕዛዝ ፊት የሚታየው ጽሑፍ) መልክና ፈንክሽን ግን አይወረሱም፤ እያንዳንዱ አዲስ ሼል ራሱ ማንበብ አለበት፤ ቦታቸው «.ባሽአርሲ» ነው። ፓዝን «.ባሽአርሲ» ውስጥ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ይሠራል፤ ግን ሼል ውስጥ ሼል በተከፈተ ቁጥር ያው ፎልደር ደግሞ ደጋግሞ ይደረደራል፤ ከግራፊክ ሜኑ የሚነሱ ፕሮግራሞችም አያዩትም።

«.ፕሮፋይል»ን ባሽ ብቻ አይደለም የሚያነበው። አንዳንድ የግራፊክ መግቢያዎች በ«/ቢን/ኤስኤች» በኩል ያነቡታል፤ ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ ይህ ባሽ ሳይሆን ዳሽ የተባለ ትንሽ ሼል ነው። ዳሽ ድርብ ማዕዘን ቅንፍን አያውቅም፣ «ሶርስ» የሚለውን ትዕዛዝም አያውቅም። ስለዚህ «.ፕሮፋይል» ውስጥ ነጠላ ማዕዘን ቅንፍና ነጥቧን ይጠቀሙ።

«/ኢቲሲ/ኢንቫይሮመንት» የሚባለውን ፋይል ያዩ እንደሆነ፣ እሱ የሼል ስክሪፕት አይደለም። ስም፣ እኩል ይሆናል፣ ዋጋ፤ በቃ። «$ፓዝ» ብለው ቢጽፉ ሼል እንደሚያደርገው አይተካም፤ እንዳለ ይቀመጥና የሁሉም ተጠቃሚ ፓዝ ይበላሻል። ለግል ቅንብር አይንኩት።

ከመንካትዎ በፊት

ቅጂ ያስቀምጡ፦

ሲፒ ~/.ፕሮፋይል ~/.ፕሮፋይል.ቅጂ

(የፋይል ስም በአማርኛም ይሆናል፤ «ቅጂ»ን በፈለጉት ፊደል ይጻፉ።) ሰርቨር ላይ ከሆኑ ደግሞ ሁለተኛ የኤስኤስኤች መስኮት ከፍተው ይተዉት፤ አዲሱ ቅንብር ሌላ መስኮት ላይ መሥራቱን እስኪያረጋግጡ አይዝጉት። ይህን ጥንቃቄ እንደ ትርፍ ሥራ አይዩት፤ ሰርቨሩ የራቀ ከሆነና ፋይሉ ካስወጣዎት ሌላ በር ላይኖር ይችላል።

ፓዝ

ፓዝ በ«:» የተለያዩ ፎልደሮች ዝርዝር ነው። ሼሉ ትዕዛዝ ሲሰጠው ከግራ ወደ ቀኝ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ያገኘውን ያስነሳል። በቤት ፎልደርዎ ያለውን «ቢን» ለማስገባት፦

ኬዝ ":$ፓዝ:" ኢን
  *":$ሆም/ቢን:"*) ;;
  *) ፓዝ="$ሆም/ቢን:$ፓዝ" ;;
ኢሳክ
ኤክስፖርት ፓዝ

የመጨረሻዋ ቃል «ኢሳክ» የ«ኬዝ» ፊደላት ከኋላ ወደ ፊት ሲጻፉ ነው። ይህ አጻጻፍ ከቀላሉ ነጠላ መስመር የሚረዝመው ፎልደሩ አስቀድሞ ካለ ድጋሚ እንዳይገባ ስለሚጠብቅ ነው። የኡቡንቱ «.ፕሮፋይል» ራሱ «ቢን» የሚባል ፎልደር በቤትዎ ካለ ስለሚጨምረው፣ ለዚያ ፎልደር ምንም መጻፍ ላያስፈልግዎት ይችላል፤ ፎልደሩን ፈጥረው ወጥተው መግባት ይበቃል።

እዚህ ላይ የሚሠሩት ስህተቶች ይታወቃሉ። በእኩል ይሆናል ምልክት ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ ከተዉ ሼሉ «ፓዝ» የሚባል ትዕዛዝ የጠየቁት ይመስለዋል። በነጠላ ጥቅስ ከዘጉት «$ፓዝ» አይተካም፤ ዝርዝሩ ውስጥ የዶላር ምልክት ያለበት የማይረባ ቃል ይቀመጣል፣ ከዚያም «ኤልኤስ» እንኳ አይገኝም። «~» በድርብ ጥቅስ ውስጥ ወደ ቤት ፎልደር አይለወጥም፤ ስለዚህ ከላይ «$ሆም» ተጠቀምን። ሁለት «:» ተከታትለው ከተጻፉ፣ ወይም መጨረሻ ላይ አንዱ ከተንጠለጠለ፣ ባዶው ቦታ «አሁን ያለሁበት ፎልደር» ተብሎ ይተረጎማል። ይህ ለደኅንነት መጥፎ ነው፦ ሌላ ሰው የጋራ ፎልደር ውስጥ በታወቀ ትዕዛዝ ስም ያስቀመጠውን ፕሮግራም ሳያውቁ ሊያስነሱ ይችላሉ።

በአማርኛ ኪቦርድ ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ የራሳችን ወጥመድ አለ። ኪቦርዱ ወደ አማርኛ እንደዞረ ከቀረ በ«:» ፈንታ «፡» ሊገባ ይችላል፤ ተርሚናል ላይ መለየቱ ያስቸግራል፤ ሼሉ ግን «፡»ን እንደ መለያ አይቆጥርም፣ ሁለቱን ፎልደሮች አንድ ረጅም ስም ያደርጋቸዋል። በ«;» ፈንታ «፤» ሲገባም እንዲሁ ነው። ከቴሌግራም ወይም ከዎርድ የተቀዳ መስመር ላይ ደግሞ ቀጥ ያለው ጥቅስ ወደ ተጠማዘዘ ተለውጦ ይመጣል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ይህ ነው፦

ኤልሲ_ኦል=ሲ ግሬፕ -ኤን '[^ -~]' ~/.ፕሮፋይል

እዚህ ያለችው «ሲ» በትልቁ የምትጻፍ አንድ ፊደል ናት። ትዕዛዙ ከተራ የላቲን ምልክቶች ውጭ የሆነ ነገር ያለበትን መስመር ከቁጥሩ ጋር ያሳያል። በታብ የተገቡ መስመሮችም ይወጣሉ፤ እነሱን ይለፏቸው። የተለዋዋጭ ዋጋ አማርኛ ቢሆን ችግር የለውም፤ የተለዋዋጭ ስም ግን አማርኛ ሊሆን አይችልም፣ ባሽ አይቀበልም።

«ሱዶ»ን (ትዕዛዝን በአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚያስነሳውን) ሲጠቀሙ ፓዝዎ የተረሳ ከመሰለ ፋይልዎ አልተበላሸም። አብዛኞቹ ስርጭቶች ለ«ሱዶ» የተወሰነ የራሱ ፓዝ ይሰጡታል፤ ይህ ሆን ተብሎ ለጥበቃ የተደረገ ነው። ፕሮግራሙን በሙሉ አድራሻው ይጥሩት።

የአማርኛ ሎካል

ሎካል ለፕሮግራሞች ቋንቋን፣ የፊደል አመዛገብን፣ የቀን አጻጻፍንና የፊደል ተራን የሚነግር ስም ነው። የአማርኛው «ኤኤም_ኢቲ.ዩቲኤፍ-8» ነው፤ «ኤኤም» በትንሹ፣ «ኢቲ» እና «ዩቲኤፍ» በትልቁ ይጻፋሉ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ መኖሩን ይጠይቁ፦

ሎካል -ኤ

ዝርዝሩ ውስጥ መጨረሻው ያለ ጭረትና በትንንሽ ፊደል ሊታይ ይችላል፤ ሁለቱም አጻጻፍ ተቀባይነት አለው። ከሌለ፣ ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ «ሎካልስ» የሚባለው ጥቅል መጫኑን አረጋግጠው «/ኢቲሲ/ሎካል.ጄን»ን በ«ሱዶ ናኖ» ይክፈቱ (ናኖ የጽሑፍ ማረሚያ ነው)። እዚያ ውስጥ የአማርኛው መስመር ከእንግሊዝኛው ይለያል፦ «ኤኤም_ኢቲ ዩቲኤፍ-8» ይላል፣ ስሙ ላይ ነጥብና «ዩቲኤፍ-8» የተቀጠለበት አይደለም። ከፊቱ ያለውን የ«#» ምልክት ያንሱ፣ ያስቀምጡ፣ ከዚያ «ሱዶ ሎካል-ጄን» ይበሉ። ፌዶራ ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ «ግሊብሲ-ላንግፓክ-ኤኤም» የሚባለውን ጥቅል በ«ዲኤንኤፍ» መጫን ይበቃል። ማክ ላይ ቀድሞውንም አለ።

አሁን ምርጫ ይመጣል። ሁሉንም ወደ አማርኛ ማዞር ይቻላል፤ እኛ ግን ለሥራ ማሽን የምንመክረው ቅልቅሉን ነው፦

ኤክስፖርት ላንግ=ኢኤን_ዩኤስ.ዩቲኤፍ-8
ኤክስፖርት ኤልሲ_ታይም=ኤኤም_ኢቲ.ዩቲኤፍ-8

የእንግሊዝኛው ሎካልም በዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለበት። በዚህ ቅንብር የቀንና የሰዓት አጻጻፍ የአማርኛውን ሎካል ይከተላል፣ ሰኞና ማክሰኞ በስማቸው ይወጣሉ፤ የስህተት መልእክቶች ግን በእንግሊዝኛ ይቀራሉ። መልእክቱን ቀድተው መፍትሔ ሲፈልጉ ይህ በጣም ይረዳል። ደግሞም ሎካል በራሱ አይተረጉምም፤ የአማርኛ ትርጉም ያልተሠራለት ፕሮግራም «ላንግ» አማርኛ ቢሆንም እንግሊዝኛውን ነው የሚያሳየው። አማርኛ ጽሑፍ ለማንበብና ለመጻፍ የሚያስፈልገው «ዩቲኤፍ-8» መሆኑ ነው፤ ሎካሉ የእንግሊዝኛ ቢሆንም ፊደሉ ይወጣል። ፊደሉ በትንንሽ ሳጥን የሚታይ ከሆነ የፎንት ችግር ነው፤ በጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ሎካሉን ይመርምሩ።

የበላይነቱ እንዲህ ነው፦ «ኤልሲ_ኦል» ሁሉንም ይሽራል፤ እሱ ከሌለ እንደ «ኤልሲ_ታይም» ያሉት እያንዳንዳቸው በየክፍላቸው ይገዛሉ፤ እነሱም በሌሉበት «ላንግ» ይሠራል። ስለዚህ «ኤልሲ_ኦል»ን በ«.ፕሮፋይል» ውስጥ በቋሚነት አያስቀምጡ፤ ሌላውን ምርጫ ሁሉ ዋጋ ያሳጣዋል። ቦታው አንድ ትዕዛዝ ፊት ነው። ለምሳሌ ስክሪፕት ውስጥ ቀኑን ለፋይል ስም ሲፈልጉ፦

ኤልሲ_ኦል=ሲ ዴት +%ኤፍ

(«ኤፍ» በትልቁ።) የቀን አጻጻፍ ከሎካል ሎካል ስለሚለያይ ያለዚህ ቅድመ ጽሑፍ የተሠራ ስክሪፕት በእጅ ሲነሳ አንድ ስም፣ በክሮን (ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት በሚያስነሳው ፕሮግራም) ሲነሳ ሌላ ስም ሊፈጥር ይችላል።

ከኤስኤስኤች ጋር የሚመጣ አንድ ችግር አለ። ደቢያንና ኡቡንቱ «ላንግ»ንና በ«ኤልሲ_» የሚጀምሩትን ወደሚገቡበት ሰርቨር ይልካሉ፤ የተላኩትን መቀበልም ነባሪ ቅንብራቸው ነው። ሰርቨሩ የአማርኛው ሎካል ካልተሠራለት «ሎካሉን መለወጥ አልቻልኩም» የሚል ማስጠንቀቂያ ከባሽ፣ ከፐርልም ረዘም ያለ ዝርዝር ይመጣል። ፕሮግራሞቹ ወደ «ሲ»፣ ማለትም ወደ መሠረታዊው ሎካል፣ ይመለሳሉ፤ የአማርኛ ጽሑፍም ይበላሻል። መፍትሔው ሰርቨሩ ላይ ሎካሉን መሥራት ነው፤ ፈቃዱ ከሌለዎት ደግሞ በራስዎ ማሽን የኤስኤስኤች ቅንብር ውስጥ መላኩን ያስቀሩ። ከማክ ሲገቡ የሚታየው «ኤልሲ_ሲታይፕ» ላይ የሚያማርር ማስጠንቀቂያም ዘመዱ ነው፦ ማክ የሚልከው «ዩቲኤፍ-8» ብቻውን ነው፣ ሊኑክስ ደግሞ በዚያ ስም ሎካል የለውም።

የሰዓት ክልል

ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ነው የሚቆጥሩት፤ ይህን መለወጥ አያስፈልግም፣ የሁሉም መዝገብ ይዛባል። ለእርስዎ መግቢያ ብቻ፦

ኤክስፖርት ቲዜድ=አፍሪካ/አዲስ_አበባ

የሁለቱም «አፍሪካ» እና «አዲስ» የመጀመሪያ ፊደል፣ የ«አበባ»ም እንዲሁ፣ በትልቁ ነው፤ «ባ» በሁለት የላቲን «ቢ» ሳይሆን በአንድ ነው የሚጻፈው። ስሙን ከተሳሳቱ ሊኑክስ ስህተት አያሳይም፤ ዝም ብሎ የዩቲሲን ሰዓት ይሰጥዎታል። ስለዚህ «ዴት» ብለው ከእጅ ሰዓትዎ ጋር ያስተያዩ፦ ልዩነቱ 3 ሰዓት ከሆነ ስሙ ተሳስቷል። «ቲዜድ=ዩቲሲ+3» ብለው እንዳይጽፉ፤ በዚህ አጻጻፍ የመደመር ምልክቱ ከግሪንዊች ወደ ምዕራብ ማለት ነውና ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ይርቃል። ኢትዮጵያ በበጋና በክረምት ሰዓት ስለማትለውጥ ክልሉ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፤ ዋሽንግተን ካለ ባልደረባ ጋር የሚኖረው ልዩነት ግን እዚያ ሲለወጥ 7 ወይም 8 ሰዓት ይሆናል። በቁጥር ፈንታ የከተማ ስም መጠቀም የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ዩማስክ

አዲስ ፋይል ሲፈጠር ለማን ክፍት እንደሚሆን የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። 022 ሲሆን ፋይሉ 644፣ ፎልደሩ 755 ይሆናል፤ ሰው ሁሉ ያነባል። ብዙ ሰው በሚጋራው ሰርቨር ላይ «ዩማስክ 027» ይሻላል፦ 640 እና 750። ለራስዎ ብቻ ከሆነ 077።

ፋይሉ ዝም ይበል

«.ባሽአርሲ» ውስጥ «ኤኮ» ብለው ሰላምታ አይጻፉ። ባሽ በኤስኤስኤች በኩል ለአንድ ትዕዛዝ ብቻ ሲጠራም ይህን ፋይል ያነባል፤ የፋይል ማስተላለፊያዎቹ «ኤስሲፒ»፣ «ኤስኤፍቲፒ» እና «አርሲንክ» የሚጠብቁት ንጹሕ መረጃ ስለሆነ ሰላምታው ከመሃል ሲገባባቸው ይቋረጣሉ። የኡቡንቱ «.ባሽአርሲ» ከአናቱ ላይ ሼሉ ከሰው ጋር የሚነጋገር መሆኑን ይመረምርና ካልሆነ ይመለሳል። ይህን ክፍል አያጥፉት፤ የእርስዎን መስመሮች ከበታቹ ያስገቡ።

ክሮን ደግሞ «.ፕሮፋይል»ንም «.ባሽአርሲ»ንም አያነብም። ፓዙ ብዙ ጊዜ ሁለት ፎልደር ብቻ ነው፦ «/ዩኤስአር/ቢን» እና «/ቢን»። «በእጅ ሳስነሳው ይሠራል፣ በክሮን አይሠራም» ከሚሉት አቤቱታዎች ብዙዎቹ ከዚህ ይመነጫሉ። የሚያስፈልገውን ፓዝ ክሮንታቡ (የክሮን ሥራዎች ዝርዝር ፋይል) ራሱ ላይ ከላይ ይጻፉ፤ እዚያም «$ፓዝ» ስለማይተካ ዝርዝሩን በሙሉ ይጻፉት።

ማክና ዜድኤስኤች

ከካታሊና፣ ማለትም ከ2019 ወዲህ፣ የማክ ነባሪ ሼል ዜድኤስኤች ነው፤ እሱም «.ፕሮፋይል»ን አይነካም። ለመግቢያ «.ዜድፕሮፋይል»፣ ለአሊያስና ለፕሮምፕት «.ዜድኤስኤችአርሲ» ይጠቀሙ። «.ዜድኤስኤችኢንቭ» ሁልጊዜ ስለሚነበብ ለፓዝ ያጓጓል፤ ነገር ግን ማክ ከእሱ በኋላ «/ኢቲሲ/ዜድፕሮፋይል» ውስጥ የሥርዓቱን ፎልደሮች ወደ ፊት አምጥቶ ይደረድራል፣ የእርስዎ ወደ ኋላ ይገፋል። ፓዝን «.ዜድፕሮፋይል» ውስጥ ቢያደርጉት ከዚያ በኋላ ስለሚነበብ ቦታውን ይይዛል።

መሞከርና ከተበላሸ ማዳን

ፋይሉን ሳያስነሱ አጻጻፉን ብቻ ለመፈተሽ፦

ባሽ -ኤን ~/.ፕሮፋይል

ምንም ካላለ ሰዋስው ትክክል ነው። ቀጥሎ እንደ አዲስ የገቡ ያህል፣ ካሁኑ ሼል ምንም ሳይወርስ፦

ኢንቭ -አይ ሆም="$ሆም" ተርም="$ተርም" ባሽ -ኤል

እዚያ ውስጥ «ኤኮ $ፓዝ»፣ «ሎካል» እና «ዴት» ይበሉና ውጤቱን ይመልከቱ። አንድ ተለዋዋጭ ከየት እንደመጣ ካልገባዎት «ባሽ -ኤልኤክስ» እያንዳንዱን መስመር ሲያነብ ያሳያል። በግራፊክ ስክሪን ለሚሠሩ ደግሞ ተርሚናሉን መዝጋት አይበቃም፤ ከሴሽኑ ወጥተው ይግቡ።

ፓዝ ተበላሽቶ ምንም ትዕዛዝ ካልተገኘ፣ ይህ ለዚያ መስኮት ይመልሰዋል፦

ፓዝ=/ዩኤስአር/ቢን:/ቢን

ከዚያ በ«ናኖ» ፋይሉን ያርሙ። በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ላይ የሚያማርር ስህተት ከመጣ ፋይሉ ዊንዶውስ ላይ ተጽፏል፦

ሴድ -አይ 'ኤስ/\አር$//' ~/.ፕሮፋይል

ሲገቡ ወዲያው የሚያስወጣዎ ከሆነ «ኤክዚት» ወይም «ሴት -ኢ» ፋይሉ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። «ሴት -ኢ» ለስክሪፕት ጥሩ ነው፤ መግቢያ ፋይል ውስጥ ግን አንዲት ትዕዛዝ በተሳነች ቅጽበት ሼሉን ይዘጋዋል። ያንጊዜ «ኤስኤስኤች -ቲ» ብለው ከሰርቨሩ ስም ቀጥሎ «ባሽ --ኖፕሮፋይል --ኖአርሲ» ይጨምሩ፤ ሎግኢን ሼል ስለማይነሳ «.ፕሮፋይል» አይነበብም፣ ቅጂውን መመለስ ይችላሉ። ጥፋቱ «.ባሽአርሲ» ውስጥ ከሆነ ግን ይህ መንገድም ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ ክፍት በተዉት ሁለተኛ መስኮት፣ ወይም በኮንሶል፣ ወይም በአስተዳዳሪው እጅ የፋይሉን ስም መቀየር ነው የሚቀረው።